ያልደረሰ ውሃ

ባለ ዓሣው መጀመሪያ ያሳየኝ ክብ የመስታወት ዕቃ ነበር። ውስጡ አንዲት ቀይ ዓሣ የራሷን ጭራ እያሳደደች ትዞራለች።

«ለጀማሪ ይሄ ነው» አለኝ። «ውሃ ከቧንቧ፣ ምግብ ከጣት። ብትረሻት እንኳ አታኮርፍም።»

«የጨው ውሃ ነው የምፈልገው።»

እጁን በሱሪው ጠረገና ከራስ እስከ እግር አየኝ። ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው። ገንዳዎቹ በግራና በቀኝ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ወለሉ እርጥብ ነው፤ ከየገንዳው የሚወጣው የአየር ቡልቅታ ሰውን ሳይወድ ጮክ ብሎ እንዲያወራ ያደርገዋል።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? የቧንቧ ውሃ ዓሣ እጮኛ ነው፤ የጨው ውሃ ትዳር ነው። ጠዋት ሙቀቱን ታያለሽ፣ ማታ ጨውን ትለኪያለሽ፣ በመሐል ኩርፊያውን ትችያለሽ። ባለቤትሽ ተስማምቷል?»

«ቦታው ተለክቷል» አልኩና ከቦርሳዬ ሜትሩን አወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ስፋትና ስለ ቁመት ብቻ ተነጋገርን።

ገንዳውን የፈለግኩት ለአማቴ ነው። አማቴ ወደ ቤታችን የመጡት ልጃቸው፣ ባለቤቴ፣ በታመመ ጊዜ ነበር። ሐኪሞቹ «ደሙ በሽታ መከላከል አቁሟል፣ ተራ ጉንፋን ይጥለዋል» ብለው ቤት ሲልኩት፣ እሳቸው አንድ ሻንጣ ይዘው መጡና ኩሽናውን ተረከቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እጃቸው የፈላ ውሃ አይፈራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ያልተቀቀለ ነገር አፍ፣ በበረኪና ያልታሸ ነገር እጅ አልነካም። ማንኪያ ይቀቀላል፤ አንሶላ ይቀቀላል፤ የበር እጀታ ሰው በነካው ቁጥር ይወለወላል። እኔ ከሥራ ስገባ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ፣ ኮቴን እሰቅላለሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ እታጠባለሁ፤ ወደ ሳሎኑ ጥግ፣ ወደ አልጋው የምሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

አልጋው የኪራይ ነበር። መጥተው ወሰዱት። ወለሉ ላይ የአራቱ እግሮቹ ጉድጓድ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የአማቴ እጅ ሥራ ፈታ። የታጠበ ብርጭቆ መልሰው ያጥባሉ፤ የተጠቀለለ ፎጣ ዘርግተው መልሰው ይጠቀልላሉ። ቀሪው ልጃቸው፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ በሌላ ከተማ የመኪና ዕቃ መሸጫ አለው፤ ሰፊ ቤት አለው፤ ልጆች አሉት። በስልክ «እማዬ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? መጥቼ እወስድሻለሁ» ማለት ጀመረ። ትክክል ነው። ልጅ እናቱን ቢወስድ ማን ምን ይላል? አማቴም «እሺ» አሉ፤ ደስ ብሏቸውም ከፍቷቸውም አይደለም፤ ሰው ወረፋ ሲደርሰው እንደሚነሣው ነው።

እንዲቀሩ እፈልግ ነበር። ግን ምን ይዤ «ይቅሩ» እላለሁ? ያገናኘን ሰው የለም። የልጅ ልጅ አልሰጠኋቸውም። ሰው እናትን የሚያስቀርበት ገመድ ሁሉ በታላቅ ወንድሙ እጅ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ደግሞ አያቅተኝም።

አንድ ነገር ግን አስታወስኩ። በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል የጨው ውሃ ገንዳ ነበር። ባለቤቴን ወደ ውስጥ ሲያስገቡት እኔና አማቴ ገንዳው ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እኚያ ሴትዮ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አርፎ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። ለዓሣዎቹ ስም አውጥተውላቸው ነበር። ከድንጋይ ሥር የማይወጣውን አኩራፊ «ዳኛው» ይሉታል፤ ከመስታወቱ አፏን የማታነሣዋን «ወሬኛዋ»፤ ተለያይተው የማይዋኙትን ብርቱካናማዎቹን ግን «እነዚያ» ብቻ ነበር የሚሏቸው። «እነዚያ ዛሬ ተኳርፈዋል።» «እነዚያ ታረቁ።»

ታላቅ ወንድሙ የሚመጣበትን እሁድ ነገረን። እኔ በማግስቱ ሜትር ይዤ ባለ ዓሣው ዘንድ ሄድኩ።

ትንሹን ገንዳ ላንሣ ስል ባለ ዓሣው ራሱን ነቀነቀ። «ትንሽ ውሃ እንደ ትንሽ ሰው ነው፣ ቶሎ ይቆጣል። ትልቁ ስህተት ይችላል።» ይህን የሚለው ትልቁን ለመሸጥ ይሁን አይሁን፣ እውነት መሆኑን አንብቤ ነበርና ትልቁን ወሰድኩ። ማሞቂያ፣ ውሃውን የሚያናውጥ ሞተር፣ ማጣሪያ፣ በከረጢት የባሕር ጨው፣ አሸዋ። ከሱቁ ጀርባ በሰፊ በርሜል የተነከሩ ድንጋዮች አሉ፤ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ ነገር የለበሱ፣ ባሕር ባሕር የሚሸቱ። ሕያው ድንጋይ ይላቸዋል። ከእነሱም መረጥኩ።

«ሁለት ዓሣ ልጨምርልሽ? ከነገ ወዲያ ማስገባት ነው።»

«አይሆንም። ውሃው መድረስ አለበት።»

«አንብበሻል ማለት ነው» አለ ቅር ብሎት። «የሚያነብ ደንበኛ አያበላም።»

የምሠራው በከተማው ውሃ አገልግሎት፣ ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። ናሙና ሰብሳቢዎች ከየሰፈሩ በጠርሙስ ውሃ ያመጡልኛል፤ የእኔ ሥራ ውሃው ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። «ምንም አልበቀለም» ብዬ ስፈርም ከተማው ይጠጣል። የጨው ውሃ ገንዳ የሚጠይቀው የዚህን ተቃራኒ ነው። ዓሣ ከመግባቱ በፊት የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮች ድንጋዩና አሸዋው ላይ መራባት አለባቸው። እነሱ ከሌሉ ዓሣው በገዛ ሽንቱ ይመረዛል። ስለዚህ ሰው ገንዳውን ይሞላል፣ ያሞቃል፣ ያናውጣል፤ ከዚያም ለሳምንታት ባዶ ውሃ ይጠብቃል።

ታላቅ ወንድሙ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ሠራተኞች ገንዳውንና መቆሚያውን አምጥተው ሳሎን መሐል ጥለውት ሄዱ። አማቴ እጃቸውን በሽርጣቸው እያደረቁ ከኩሽና ወጡ።

«ምንድን ነው? ቁም ሣጥን?»

«የዓሣ ገንዳ ነው፣ እማማ።»

«ለመብላት?»

«ለማየት።»

«ለማየት» አሉ። ዙሪያውን ዞሩት። «እንደዚያ እንደ ሆስፒታሉ?»

«እንደዚያ።»

ሌላ አልጠየቁም። መቆሚያውን አብረን ወደ ጥጉ ገፋነው፤ የወለሉ ጉድጓዶች ከሥሩ ገቡ። ሁለታችንም አየን። ሁለታችንም ወዲያው መቆሚያው ላይ ስላስቀመጥኩት ውሃ ልክ ማውራት ጀመርን፦ አረፋዋ ወደ መስኮቱ አዘንብላለች፣ የለም ወደ ግድግዳው ነው፣ መነጽርሽን አድርጊ። በመጨረሻ እሳቸው ስስ ጣውላ ፈልገው ከአንዱ እግር ሥር ወተፉና አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች።

የቧንቧውን ውሃ ክሎሪን፣ የሚበቅለውን እንዳይገድል፣ አመከንኩና ጨዉን መጨመር ጀመርኩ። አማቴ በረጅም እንጨት ያማስላሉ።

«ኩሽና ያለው ጨው ምን አጠፋ?»

«እሱ ጨው ብቻ ነው። ይሄኛው ባሕር ውስጥ ያለው ሁሉ አለበት።»

ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ፊታቸውን ጨማደዱ። «ሾርባ ቢሆን ደፋሁብሽ ነበር» አሉ። ትንሽ አማስለው ደግሞ፣ «ሰው ‹ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል› ይላል። አንቺ ሁለቱንም በገንዘብሽ ገዝተሽ መጣሽ፣ ጨዉንም ድንጋዩንም።»

ከቀለዱ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር። ፊቴን ወደ ከረጢቱ መለስኩ።

ድንጋዮቹ ጨዉ እስኪሟሟና ውሃው እስኪሞቅ ድረስ በባልዲ ተነክረው መታጠቢያ ክፍል መቆየት ነበረባቸው። «ሕያው ድንጋይ ናቸው። አይነኩም» አልኳቸው።

«ድንጋይ ደግሞ ሕያው!» ጎንበስ ብለው አሸተቱና አፍንጫቸውን ያዙ። «ሕያው ከሆነማ ይታጠብ።»

እየቀለዱ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። አንድ ሰፈር ቧንቧ ፈንድቶ የጠርሙሱ ብዛት ጠረጴዛ አልበቃው ብሎ ነበር። ደረጃውን ስወጣ በየፎቁ እየቆምኩ ነው የወጣሁት። በሩን ስከፍት የበረኪና ሽታ ተቀበለኝ።

ጫማዬን አወለቅኩ። ኮቴን ሰቀልኩ። እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና ታጠብኩ፤ በጣቶቼ መሐል፣ በጥፍሮቼ ሥር። ቧንቧውን በክርኔ ዘጋሁና ወደ ሳሎኑ ጥግ ሄድኩ። ሁልጊዜ ስገባ የምለው ነገር ነበረኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ጥጉ ላይ ገንዳው አለ። ውሃ ብቻ።

እጄ እየተንጠባጠበ ቆምኩ።

«መጣሽ? ነይማ፣ ነይ እዪ» አሉ አማቴ ከኩሽና።

ድንጋዮቹ በንጹሕ ፎጣ ላይ በየመጠናቸው ተደርድረዋል። ሐምራዊው የለም፤ ቡናማው የለም፤ አረንጓዴው የለም። እንደ ጥርስ ነጥተዋል። አማቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ከጎናቸው ቆመዋል። አልጋው ከተወሰደ ወዲህ ፊታቸውን እንዲህ አላየሁትም ነበር።

«አሁን እንጂ ድንጋይ የመሰሉት! ያ ምን ነበር? ለምጥ! የታችኛዋ ጎረቤት ‹ዓሣ ልይ› ብላ መጣች። ገና ከበሩ ሳትገባ ‹ምን ሞተባችሁ?› አትለኝም! አፈርኩ። በእግዜር፣ እሱ እያለ፣ ያን ሁሉ ጊዜ፣ አንድ ሰው ሽታ አለ ብሎን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አያውቅም! ትል ነበረባቸው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከቀዳዳው ብቅ አለ። በብሩሽ አወጣሁት።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ላለመናገር አስቤ ነበር። ግን ድንጋዮቹ ወደ ገንዳው ቢገቡ ዓሣው ሲመጣ ይሞታል፤ ያን ጊዜ የሚሰሙት ይብሳል።

«እማማ፣ የምፈልገው እሱን ነበር።»

«ትሉን?»

«አብሮት ያለውን። በዓይን የማይታየውን።»

«ጀርሙን?»

«አዎ።»

«ጀርም ገዝተሽ መጣሽ?» ሊስቁ ጀምረው ፊቴን አዩና ተዉት። ከድንጋዮቹ አንዱን አነሡ፤ አገላብጠው አዩት፤ መልሰው ቦታው አስቀመጡት። «እንግዲያ ገደልኳቸው በይኛ።»

«ይተካል።»

«እኮ ገደልኳቸው።» ፎጣውን ጠርዝ በጠርዝ አስተካከሉ። «ለልጄ ያልበቃ በረኪና ለድንጋይ በዛ» አሉ።

ጠዋት ለሥራ ስወጣ ሻንጣቸው ተዘግቶ በር አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እሁድ ገና ነው።

በሥራ ቦታዬ የናሙና ጠርሙስ ባዶውን አይወጣም። ሥሩ ላይ ከጨው የማይለይ ነጭ ቅንጣት እናደርጋለን፤ የቧንቧው ክሎሪን ጠርሙሱ ውስጥ መግደሉን እንዳይቀጥል ያመክነዋል። ያለዚያ ውሃው ለምርመራ እስኪደርስ የሚገኝ ነገር አይኖርም፤ ውጤቱም ሐሰት ይሆናል። ይህን ቅንጣት ስንት ዓመት ስበትን እንደኖርኩ አላውቅም፣ አስቤበት አላውቅም። ያን ቀን ማንኪያውን ይዤ ቆምኩ። ኃላፊዬን «ጥቂት ለቤት እፈልጋለሁ» ብዬ ጠየቅኩት። «ውሃ እዚህ አልበቃሽም?» ብሎ በትንሽ ዕቃ ሰጠኝ።

ወደ ቤት ስመለስ በባለ ዓሣው በኩል አለፍኩ።

«በበረኪና?» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ አላለቀም። «ብዙ ጉድ ሰምቻለሁ። ድንጋይ በበረኪና ያጠበ ግን የለም። እማማን ይዘሻቸው ነይ፣ ሱቄን ያጽዱልኝ።»

«አንድ ሕያው ድንጋይ ብቻ ስጠኝ።»

«አዲስ ሙሉውን ውሰጂ እንጂ።»

«አንድ። ሌሎቹን ያበቅልልኛል።»

በርሜሉን ፈልጎ የቡጢ ያህል አወጣልኝ። «እንግዲህ እርሾ በዪው» አለ። «ግን እርሾም ጊዜ ይፈልጋል። እስኪደርስ ጸጉርሽ ይሸብታል።»

«ሸብቷል» አልኩት።

አማቴ ሳሎን ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ እንደ መጠበቂያ ክፍሉ ግን አይደለም። ነጫጮቹን ድንጋዮች በባልዲ አደረግኩ፣ ቅንጣቱን አሟሟሁበት፣ እንዲያዩ ጠራኋቸው። የበረኪናው ክሎሪን ሲመክን ሽታው ጠፋ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ።

«የት ሄደ?»

«ከሸፈ።»

ከዚያ ትንሹን ድንጋይ ከእርጥብ ጋዜጣው አወጣሁ። ወደ ኋላ ሸሹ፣ እጃቸውን ከጀርባቸው ደበቁ።

«እሱን አልነካም።»

«እርሾ ነው፣ እማማ። ይሄ እነዚያ መሐል ይገባና ያበቅላቸዋል።»

«እርሾ?»

«እርሾ።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው እርሾ ነው ብትይኝ ኖሮ እኔ እነካው ነበር? የእርሾ ዕቃ አይታጠብም። ይህን ልጅ ያውቃል! ሕያው ድንጋይ፣ ሕያው ድንጋይ ትለኛለች። ተምረሽ ተምረሽ መናገር አቃተሽ።» ድንጋዩን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ገንዳው መሐል አስቀመጡት፤ ነጫጮቹን ዙሪያውን ደረደርን። «እና ምን ይበላል ይሄ እርሾ?»

«ትንሽ የዓሣ ሥጋ ጣል እናደርግና እንዲበሰብስ እንተወዋለን።»

«ሆን ብለን?»

«ሆን ብለን።»

«ሳሎን ውስጥ?»

«ሳሎን ውስጥ።»

«ጎረቤቷ ስትመጣስ?»

«ዓሣ ነው ይበሏት። ዓሣ አይደል ያለችው?»

ሳቃቸው አመለጣቸው። አፋቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ፤ ከሽርጡ በላይ ዓይናቸው ቆየ፣ ረጠበ፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ ሥጋውን ለመክተፍ ቢላዋ ፈለግኩ። ሥጋውን ወደ ውሃው ያስገቡት በመቆንጠጫ ነበር፤ የቁስል መቆንጠጫውን ከመድኃኒት ሣጥኑ እሳቸው ናቸው ያመጡት። እኔ ያ ሣጥን የት እንዳለ አላውቅም ነበር፤ አልጠየቅኩም ነበር።

የቀሩትን ቀናት ሥራውን አሳየኋቸው። ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ግን አይተንም። ስለዚህ መስታወቱ ላይ በጥፍር ቀለም ያሰመርኩት መስመር ድረስ በየቀኑ ንጹሕ ውሃ መሙላት ነው፤ ጨው መጨመር የለም። «ውሃው ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል» አሉ እየደገሙ፣ እንዳይረሱት። ከዚያ ምርመራው አለ፦ የገንዳውን ውሃ በትንሽ ቱቦ መቅዳት፣ ጠብታ ማንጠብጠብ፣ መነቅነቅ፣ ጠብቆ ከካርዱ ጋር ማስተያየት። አረንጓዴ ከሆነ መርዝ አለ። ቢጫ ከሆነ ደርሷል። አማቴ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንሥተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። የሆስፒታል አንሶላ ነጭ መሆን አለመሆኑን ሲያዩ የኖሩ ዓይኖች ናቸው፤ ቀለም አያመልጣቸውም።

«እኔ ስሄድ ማን ይሞላዋል?» አሉ አርብ ዕለት፣ ፊታቸውን ወደ ገንዳው እንዳዞሩ።

«እኔ እንጃ። ቀን ቀን ቤት ሰው ይፈልጋል» አልኩ።

ከዚህ በላይ መሄድ አልቻልኩም። እሳቸውም ከዚህ በላይ አልጠየቁም።

እሁድ ታላቅ ወንድሙ መጣ። ከበሩ ገብቶ እናቱን ሳመ፣ እኔን ሳመ፣ ጥጉን ላለማየት ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መስኮቱ ደግሞ ወደ ጥጉ መለሰው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አኳሪየም ነው፣ ጋሼ።»

ቀረበና ዓይኑን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ውሃው ትንሽ ደፍርሷል። ከድንጋዮቹ መሐል የበሰበሰች ቁራጭ ሥጋ በሞገዱ ትወዛወዛለች።

«ዓሣው የታለ?»

«አልደረሰም» አሉ እናቱ።

«ከየት ነው የሚመጣው? በመርከብ?»

«ውሃው ነው ያልደረሰ። አንተ ደግሞ እንደ ልጅነትህ ትቸኩላለህ።»

«እማዬ፣ ይሄ ሸተተ።»

«ይሸታል። እርሾ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። ምን እያደረግሻቸው ነው የሚል ፊት ነበር፤ ትከሻዬን ከመነቅነቅ በቀር ምን ላድርግ። ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ አነሣ። «በሉ እሺ፣ መንገዱ ሳይጨልምብን።»

አማቴ አልተነሡም። ቱቦውን ይዘዋል፤ ጠብታ እያንጠባጠቡ ነው። ቆጥረው ሲጨርሱ ክዳኑን ገጠሙና መነቅነቅ ጀመሩ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የራሴን እጅ አየሁ። ውስጤ ጠርሙስ ሲወድቅ ከእጅና ከወለል መሐል ያለውን ጊዜ ይመስል ነበር።

«አስቀምጠው» አሉ።

«ምኑን?»

«ሻንጣውን። ሥራ ይዣለሁ።»

«ዓሣ የሌለበት ውሃ ልትጠብቂ ነው የምትቀሪው?»

«ዓሣ ያለበትንማ ማንም ይጠብቃል» አሉ። «እሷ ቀን ሥራ ናት። መስመሩ ከወረደ ጨዉ ይበረታል፤ ያ ድንጋይ እንደገና ይሞትብኛል። አንድ ጊዜ ገድያለሁ፤ ሁለተኛ አልገድልም።»

ሁለተኛ የሚለውን ቃል ሁላችንም የሰማነው በየራሳችን ነው። ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«እሺ፤ ዓሣው ሲገባስ?»

«ዓሣው ከገባ በኋላማ ምን እሠራለሁ? ያን ጊዜ ትወስደኛለህ።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

እኔን ገረመም አድርጎ አየና፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ» አለ። በቁጣ አይደለም። ወደ መኪናው ስሸኘው፣ በሩን ከፍቶ እንደ ቆመ፣ «ያ ጥግ ባዶ ከሚሆን ጥሩ ነው» ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

የሆነው ከዚያ በኋላ ብዙ አይደለም። ውሃው ጠራ። አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የሚመስል ነገር በቀለና አማቴ ጨርቅ ይዘው ተነሡ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው ጨርቁን መለሱት። ጎረቤቷ መጥታ «አሁንም ድንጋይ ነው የምታዩት?» አለች፤ አማቴ ወንበር ሰጧትና አብራ አየች። ከነጫጮቹ ድንጋዮች አንዱ ላይ የጥፍር ያህል ሐምራዊ ነጥብ ወጣ። እኔን ከመኝታ ቀስቅሰው ነው ያሳዩኝ፤ በዕረፍት ቀኔ፣ ጠዋት። ሻንጣው ከበሩ አጠገብ አልተነሣም፤ ግን እየቀለለ ሄደ። መጀመሪያ ነጠላ ጫማው ወጣ፣ ከዚያ ሹራቡ፣ ከዚያ የማበጠሪያው ከረጢት።

ደክሞኝ እመለሳለሁ። ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ። እጄን እታጠባለሁ፤ እስከ አንጓዬ ብቻ። አማቴ ቱቦውን ከካርዱ ጎን አቁመው ይጠብቁኛል። አረንጓዴው በረታ፤ ከዚያ ቆየ፤ ከዚያ መሳሳት ጀመረ።

ባለ ዓሣው ደወለ። «እህቴ፣ ሁለት ብርቱካናማ መጥተውልኛል። ጥንዶች። ላንቺ ብዬ አስቀምጫቸዋለሁ። የአንቺ ውሃ ገና ነው? ሲሚንቶ እንኳ ይሄን ጊዜ ይደርቃል!»

«ገና ነው» አልኩት፤ ያን ቀን እውነት ነበር።

ታላቅ ወንድሙም በየሳምንቱ ይደውላል። «ገባ?» ይላል፣ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም። «አልገባም» ይላሉ እናቱ። «እንዲያው ይሄ ዓሣ ፓስፖርት እየጠበቀ ነው?» ይላል፤ ይሳሳቃሉ።

ከሰሞኑ አንድ አመሻሽ ላይ፣ ገና ፀሐይ መስኮቱ ላይ እያለች ገባሁ። አማቴ እንደ ወትሯቸው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ቱቦው ከካርዱ ጎን ቆሟል። ኮቴን ሰቅዬ ቀረብኩ።

ቢጫ ነው።

በሥራዬ ብዙ ቀለም አያለሁ፤ በዚህ አልሳሳትም። እሳቸውም አይሳሳቱም። ቱቦውን አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቆዩ። የማሞቂያው ቀይ መብራት በራ፣ ጠፋ። ሞተሩ ውሃውን ከድንጋይ ድንጋይ ያመላልሳል።

«ገና ነው አይደል?» አሉ። ዓይናቸውን ከቱቦው አላነሡም።

ካርዱን አየሁ። ቱቦውን አየሁ።

«ገና ነው፣ እማማ።»

«እኔም ገና ነው ብያለሁ።»

ተነሡና ቱቦውን ወደ ኩሽና ይዘው ሄዱ። ሲያለቀልቁት ሰማሁ፤ በውሃ ብቻ።